ፍሬኑ የተበላሸው በእኛ ግቢ አይደለም



ባለፈው ወር በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ «የማኅበሩ ፒካፕ ከእንግዲህ በግቢ ውስጥ እንዳይፈታ፣ ማንኛውም ዕቃ የሚቀየርለት በጋራዥ ብቻ እንዲሆን፤ ይህ ካልተቻለም ተሽጦ ገንዘቡ ባንክ ይግባ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ በጭብጨባ ሊያልፍ ጥቂት ነበር የቀረው። ጭብጨባውን ያስቆመው ዝናብ ነው። የአዳራሹ ቆርቆሮ ሲንጫጫ ማንም ማንንም መስማት ስላልቻለ ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እኛም፣ ማለትም ይህንን መኪና በፈረቃ የምንነዳውና የምንጠግነው ነዋሪዎች፣ በዚያን ዕለት ያልተሰማውን ቃላችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል። ሐሳቡን አጥብቀን እንቃወማለን። የምንቃወመውም ሥራ ፈትተን ወይም ዘይት መነካካት ስለምንወድ አይደለም።

በመጀመሪያ የሆነውን እንናገር። ከአንድ ወር ተኩል በፊት ለለቅሶ የተተከለውን ድንኳን ነቅለን ከሽሮ ሜዳ በላይ ካለው መንደር ስንመለስ፣ ሁላችሁም የምታውቁት ቁልቁለት ላይ ሾፌራችን ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ከመሃል አልያዘም፤ ወደ ወለሉ ሰጠመ። ከኋላ ድንኳኑ፣ ብረቱ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች ነበሩ። ሦስት ወጣቶችም በዕቃው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ አንሸፋፍነውም። ሾፌሩ ደጋግሞ እየረገጠ፣ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ከዚያም ወደ አንደኛ አውርዶ፣ የእጅ ፍሬኑንም ስቦ (እሱም እምብዛም አልያዘለትም)፣ በመጨረሻ ጎማውን ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር እያፋተገ አቆመው። የአንዱ ወጣት ክንድ ተላጠ፣ ሁለት አግዳሚ ተሰበረ። ከዚህ የከፋ አልደረሰም። ተመስገን ነው።

በማግሥቱ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። «ድሮም እቤት የሚቀጠቀጥ መኪና!» ተባለ። «ልጆች ተሰብስበው የፈቱት ፍሬን መቼ ይይዛል?» ተባለ። ይህንን ያሉት ሰዎች ከመካከላቸው አንድም ሰው ወደ መኪናው መጥቶ ጎማውን አስወልቆ አላየም። እኛ ግን አየን።

ሐቁ ይኸውላችሁ። የኋላውን ፍሬን ለመጨረሻ ጊዜ የፈታው እኛ አይደለንም። የፈታው፣ ስሙን የማንጠራው አንድ ጋራዥ ነው። አደጋው ከመድረሱ ሁለት ወር በፊት ማኅበሩ ከፍሎ አሠርቶታል። ደረሰኙም በገንዘብ ያዣችን እጅ ይገኛል፤ «የኋላ ፍሬን ሸራ ግራና ቀኝ ተቀይሯል» ይላል። ታምቡሮቹን ስናወጣ በቀኝ በኩል እውነትም አዲስ ሸራ አገኘን። በግራ በኩል ግን ያ የጥንቱ ሸራ ተቀምጧል! አልቆ አልቆ ሪቬቱ ብረቱን እየፋቀ፣ በታምቡሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ቦይ አውጥቷል። ሸራውን የሚገፋው ትንሹ ሲሊንደርም ጎሚኒው ደርቆ የፍሬን ዘይት እያለቀሰ ነበር። ዘይቱ ቀስ በቀስ አለቀ፤ የኋላው መስመር ባዶ ሆነ። የፊቱ መስመር ለብቻው ስለሆነ ጥቂት ያዘ፤ እነዚያን ሦስት ልጆች ያተረፈልን እሱ ነው። የእጅ ፍሬኑም ያልያዘው በገመድ የሚጎትተው እነዚያኑ የኋላ ሸራዎች ስለሆነ ነው። በአንድ በኩል በልቶ ያለቀ፣ በላዩም ላይ ዘይት የፈሰሰበት ሸራ ምን ሊይዝ ይችላል?

ታዲያ ጥፋተኛው ግቢያችን ነው ወይ?

እዚህ ላይ ግን ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። ጋራዡ ቢያታልለንም እኛም ተኝተናል። የፍሬን ዘይቱ ማስቀመጫ ኮፈኑን ከፍቶ በዓይን ብቻ የሚታይ ነገር ነው፤ ዝቅተኛውና ከፍተኛው መጠን በላዩ ላይ ተሰምሮበታል። በሁለት ወር ውስጥ ማናችንም አላየነውም። ለምን? «ጋራዥ ገብቶ ወጥቷል» ብለን ተማምነን ነዋ! ደረሰኙ ዓይናችንን ጋረደው። በዚያ ስብሰባ ላይ የቀረበው ሐሳብ የሚያስፈራንም ለዚሁ ነው። መኪናው ለጋራዥ ብቻ ይተው ማለት፣ ማንም የሰፈር ሰው ከእንግዲህ ኮፈን አይክፈት፣ ታምቡር አይይ፣ ወረቀቱን ብቻ ይመን ማለት ነው።

ወረቀቱን አምነን ያገኘነውን አይተናል።

«ይሸጥ» ለሚሉን ደግሞ ጥቂት እንበል። ይህ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራ፣ 2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ መኪና ነው፤ አልካድንም። ነገር ግን ሽጠን በምን እንተካዋለን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። አገር ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ፣ አሮጌውም ጭምር፣ ዋጋው ሰማይ ወጣ። የእኛን ብንሸጥ በገንዘቡ የእኛኑ ዓይነት መልሰን አንገዛም። ከዚያ በኋላ ለየለቅሶው መኪና መከራየት ነው። ኪራይ እንዴት እንደሆነ ደግሞ የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ሲመጣ የሚከራከር እንደሌለ ባለመኪናው ያውቃል። በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት የሚያደርሰውስ ማነው? ባለፈው ክረምት ብቻ ይህ ፒካፕ ለዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተቀሰቀሰ ዘበኛውን ጠይቁት።

ስለዚህ መኪናው ይኖራል። ከኖረ ዕቃ ይለወጥለታል። ጥያቄው ማን ይለውጠው፣ እንዴት ይለውጠው የሚል ብቻ ነው።

አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ቅዳሜ እንዴት እንደሠራነው እንንገራችሁ፤ «ልጆች ተሰብስበው ፈቱት» የሚለው ሐሜት ምን ያህል መሠረተ ቢስ እንደሆነ ከዚህ ይታያልና። በቅድሚያ ዕቃ ግዥ። ሁለት ሰው ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረደ። አሮጌውን ሸራና አሮጌውን ሲሊንደር በላስቲክ ቋጥረው ይዘው ነው የሄዱት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሃይሉክስ ሁሉ አንድ አይደለም፤ እንደ ዓመቱና እንደ ሞዴሉ የሸራው ስፋት፣ የሲሊንደሩ ውስጣዊ ልክ ይለያያል። በአፍ «የሃይሉክስ ስጠኝ» ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። የመጀመሪያው ሱቅ ካርቶኑ የጃፓን፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነ ዕቃ አወጣ። በምን አወቃችሁ ትሉናላችሁ? ከአሮጌው ጎን ሲያስቀምጡት ቀዳዳው አልገጠመም፤ ሸራውም ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት ጠርዝ ላይ በጥፍር ሲነካ ተፈረፈረ። ነጋዴው «እሱም ይሠራል ጌታዬ፣ ሰው ሁሉ እየወሰደው ነው» አለ። መውሰድስ ሰው ሁሉ ይወስዳል! አራተኛው ሱቅ ላይ የሚሆነውን አገኙ፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ለግራና ለቀኝ፣ ለሁለቱም ጎማ ገዙ። በአንድ በኩል አዲስ በሌላ በኩል አሮጌ ሸራ ያለው መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን እንደሚስብ የማያውቅ ካለ፣ ያንን ጋራዥ ይጠይቅ።

ሥራው የተሠራው ሲሚንቶ በተለሰነው የግቢው ክፍል ነው፤ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል። የፊት ጎማዎቹ በፊትም በኋላም ታኮ ተደረገባቸው። የጎማው ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ ሳለ ላላ ተደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ነው በክሪክ የተነሳው። ተነሥቶም በክሪክ ላይ አልቀረም፤ ከሁለቱም በኩል ሻንሲው ሥር የብረት ማቆሚያ ገባለት። እነዚህን ማቆሚያዎች ያበየደልን የራሳችን ሰፈር በያጅ ነው፤ በወፍራም ቧንቧ ሠርቶ፣ ሙሉ ጭነት ያለው መኪና አሳርፎባቸው አንድ ሌሊት ካሳደረ በኋላ ነው ያስረከበን።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተቃዋሚዎቻችን ይልቅ የምንቆጣው በራሳችን ወገኖች ነው። በዚህ ሰፈር ውስጥ ባለ ታክሲውም፣ ባለ ፒካፑም፣ መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ፣ ወይም ብሎኬት ደርድሮ ከሥሩ የሚገባ ሞልቷል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ሲሰነጠቅ «ልሰነጠቅ ነው» አይልም። ክሪክም ጎሚኒው ሲደክም በአንዴ ሊወርድ ይችላል። «እኔ እኮ ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ» የምትሉ አላችሁ። ሃያ ዓመት የሠራችሁት ዕድለኞች ስለሆናችሁ ነው። ያ «እቤት መጠገን ይከልከል» የሚለው ሐሳብ ጉልበት ያገኘው ከእናንተ ነው! ከአሁን ጀምሮ ማቆሚያዎቹ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስለሚቀመጡ ማንም ነዋሪ ፈርሞ መውሰድ ይችላል። አልወስድም ብሎ በድንጋይ ላይ የሚያነሣ ቢኖር፣ እኛም ከተቃዋሚዎች ጋር ሆነን እናጨበጭብበታለን።

ወደ ሥራው እንመለስ። ታምቡሩ ሲወጣ ያለውን ጥቁር ብናኝ ማንም በአፉ እንዳይነፋ፣ በአየር ፓምፕም እንዳይበትን ተከለከለ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ፣ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ተጣለ። በመጀመሪያ አንደኛው ጎማ ብቻ ተፈታ፤ ሁለተኛው ሳይነካ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ተቀመጠ። የትኛው ሞላ የት ይገባል፣ የእጅ ፍሬኑ ዘንግ በየት ያልፋል የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ወደዚያኛው ዞሮ ማየት ነው። ሁለቱንም በአንዴ ፈትቶ ሞላውን በአንድ ጣሳ ውስጥ የቀላቀለ ሰው እስከ ማታ ሲከራከር ያድራል፤ እኛም ከዓመታት በፊት እንደዚያው አድርገን አድረናል።

በቦይ የታረሰውን የግራ ታምቡር እቤት የሚያስተካክለው የለም። ወደ ቶርኖ ቤት ተላከ። ታምቡሩ ላይ ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛው ስፋት ተቀርጾበታል፤ ከዚያ ካለፈ ይጣላል እንጂ አይገጠምም። የእኛው ተለክቶ ለጥቂት ተረፈ። አዲሱ ሲሊንደር ገባ፣ ሸራው ገባ፣ ሞላው ተያዘ። ከዚያ አየር ማስወጣት ነው። አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ አንዱ ከታች ትንሿን ብሎን ይከፍታል፤ «ርገጥ! ያዝ! ... ልቀቅ!» የሚለው ጩኸት እስከ ወንዙ ድረስ ተሰምቷል፤ የቅዳሜ እንቅልፋችሁን ያቋረጥንባችሁ ይቅርታ። ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ወደሚቀርበው ተኬደ። ዘይቱ ከታሸገ ቆርቆሮ ነው የተቀዳው፤ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባልና ተከፍቶ የከረመ አይገባም። የሞተር ዘይት በፍሬን ማስቀመጫ ውስጥ «ለጊዜው» የሚጨምር ሰው ካለ ደግሞ ይስማን፤ ጎሚኒውን ሁሉ አሳብጦ ሙሉውን መስመር ያበላሽበታል።

ጎማዎቹ ተገጥመው ዳዶዎቹ በመስቀልኛ ጠበቁ። ሙከራው በግቢው ውስጥ፣ ከዚያም በሜዳው መንገድ ባዶውን ተደረገ። በሦስተኛው ቀን ዳዶዎቹ እንደገና ተፈተሹ፤ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ጠብቆልናል። ይህ ሁሉ በደብተር ተጽፏል። ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነትና ዋጋ፣ ማን እንደፈታ፣ ማን እንደገጠመ፣ ማን እንደፈተሸ ከነፊርማው አለ። የገጠመና የፈተሸ አንድ ሰው መሆን አይችልም፤ ይህንን ደንብ ያወጣነው ከአደጋው በኋላ ነው፣ ቀደም ብለን ብናወጣው ይሻል ነበር። የሒሳብ ተቆጣጣሪያችን «የእናንተ ሥራ ደረሰኝ የለውም» ሲሉ ያነሡት ነቀፋ ትክክል ነበር። አሁን ደብተሩ አለ፤ የዕቃው መግዣ ደረሰኝም ከየገጹ ጋር ተያይዟል።

በዚሁ ፍተሻ አንድ ሌላ ጥፋት ተገኘ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ባለፈው ዓመት መኪናው ጭነት ሲበዛበት ከኋላ ይቀመጣል ብለን ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ተጨማሪ ባሌስትራ አስገብተን ነበር። ጀርባው ቀና ሲል ሁላችንም ተደሰትን። በዚህ መኪና ላይ ግን ከኋላው ዲፈረንሻል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ። ጭነት ሲጨመርና መኪናው ሲቀመጥ ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ለኋላው ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ መኪናው ባዶ ሲሆንና ቀና ሲል ግፊቱን ይቀንሳል። እኛ በተጨማሪ ባሌስትራ ጀርባውን ስናነሣው ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ ያምናል፤ ሙሉ ድንኳን ተጭኖበትም የኋላውን ፍሬን ይቆጥባል። ማለትም ለአንድ ዓመት ሙሉ ቁልቁለት የወረድነው ፍሬናችንን በራሳችን እጅ አዳክመን ነው። የተጨመረውን አውጥተናል። ቫልቩን በግፊት መለኪያ ማስተካከል ግን ከእኛ ዐቅም በላይ ስለሆነ፣ መለኪያው ወዳለው ባለሙያ ወስደን፣ አጠገቡ ቆመን እያየን አሠርተናል። የናፍጣ ፖምፓም እንደዚሁ በግቢ አይነካም፤ የሻንሲ ብየዳም እንዲሁ። በግቢ የሚሠራውና የማይሠራው ተለይቶ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። አንብቡት፣ የጎደለ ካለ ጨምሩበት።

«ግቢው ቆሸሸ፣ ዘይት ወደ ቦይ ፈሰሰ» የተባለውን በተመለከተ፣ ልክ ናችሁ። ባለፈው ክረምት የተቃጠለ ዘይት ከጣሳ ተገልብጦ በጎርፍ እስከ ጉልት ሻጯ እናታችን መደብ ድረስ ሄዷል፤ ድንችና ሽንኩርታቸው ተበላሽቷል። ዋጋውን ከኪሳችን ከፍለናል፤ ያም ሆኖ እሳቸው እስከ ዛሬ ሰላምታችንን የሚቀበሉት በግንባራቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም። አሁን ዘይት የሚወርደው በሰፊ ሳፋ ላይ ነው፤ ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ይሰጣል።

«ልጆቻችን በጥቁር ዘይት ተበላሹ፣ ትምህርታቸውን ተዉ» ለሚሉ ወላጆች መልሳችን አጭር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአሥራ አራት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከመኪና ሥር አይገባም፤ መብራት ይይዛል፣ ብሎን ያጥባል፣ ያያል። ከዚህ ውጭ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ይውሉ እንደነበር እናንተም እኛም እናውቃለን። የትምህርት ቤቱን የፊዚክስ ጥያቄ «ፈሳሽ ግፊትን እንዴት ያስተላልፋል?» የሚለውን ከፍሬን ፔዳሉ ሥር ሆኖ የመለሰ ልጅ አለን።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ፒካፑ አይሸጥም። የፍሬን ሸራ፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የባሌስትራ ጎሚኒ፣ ባትሪ፣ ሞተሪኖና የመሳሰሉት ዕቃዎች በግቢ ውስጥ፣ በደብተር፣ በሁለት ሰው ፊርማ ይለወጣሉ። ወደ ጋራዥ የሚሄደው ሥራ ደግሞ ከእኛ አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል፤ አሮጌው ዕቃ ተመልሶ ሳይታይም አይከፈልም። በጭነት ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ለቅሶም ቢሆን፣ ሠርግም ቢሆን።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ የባሌስትራው ጎሚኒዎች ይለወጣሉ። አሮጌው የግራ ሸራና ከፍቶ ያፈሰሰው ሲሊንደር በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጠዋል፤ ከደረሰኙ ቅጂ ጋር። በስብሰባው ላይ ያጨበጨባችሁ ወገኖቻችን በተለይ እንድትመጡ እንለምናለን። የሚያስፈልገን 19 ቁጥር መፍቻ ያለው ሰውና፣ መብራት ከጠፋ ባትሪ የሚይዝልን አንድ ሰው ነው።